«አስተርጓሚ አልፈልግም» ብዬ የዘጋሁት ስልክ

እህቶቼ፣ እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ነገሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ባደርገው ታገሱኝ። የምጽፈው «ድኛለሁ» ብዬ ላበስራችሁ አይደለም፤ መዳኔን ገና አላውቅም። የምጽፈው ፈርቼ ነው። እኔ ያደረግሁትን ከእናንተ አንዷ ዛሬ፣ እዚሁ ኮሎራዶ፣ አውሮራ፣ እያደረገችው ይሆናል ብዬ።

የጀመረኝ በረዶው ሊያልቅ ሲል ነው። ሴንትራል ፓርክ በሚባለው የዴንቨር ሰፈር የማጸዳው ቤት አለ። የመታጠቢያ ገንዳውን ጎንበስ ብዬ ስፈትግ ታችኛው ሆዴን ቁርጥ አደረገኝ። ቆይቼ ሳየው ደም ነው። የወር አበባ ከቆመብኝ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ስልሳ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ወራት ነበር የቀሩኝ። «ከባድ ዕቃ አንስቼ ይሆናል» አልኩ። ጠፋ፤ «ተመስገን» አልኩ። ከዚያ ብሶ መጣ።

ለማን ይነገራል? ሴት ልጅ ደም ሲፈሳት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደማትገባ ታውቃላችሁ። ወጣቶቹ በር ላይ ቆመው ሲያስቀድሱ ማንም ልብ አይላቸውም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በር ላይ ብቆም ግን «እትዬ ጥሩ ምነው ውጭ ቆሙ?» መባሌ አይቀርም። ስለዚህ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጌ፣ ቅዳሴውን ከፓርኪንግ እሰማ ጀመር። መኪናዬን የሚያውቁ እየመጡ መስኮት ሲያንኳኩ እሱንም ተውኩት። «እሑድ እሑድ ሥራ አገኘሁ» አልኩ። ሁሉም «እሰይ፣ እግዚአብሔር ይባርክልሽ» አለኝ።

ሲብስብኝ ኢስት ኮልፋክስ ላይ ካለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። መቆያ ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያደረግሁት ሀበሻ አለ ወይ ብሎ ማየት ነው። አልነበረም፤ ተቀመጥኩ። ነርሷ ከየት እንደሆንኩ ጠይቃኝ «አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ላምጣልሽ?» አለችኝ።

«ኖ፣ ኖ። ኢንግሊሽ ኦኬ» አልኩ።

የእኔ እንግሊዝኛ ኦኬ አይደለም። ግን ዴንቨርና አውሮራ ሀበሻው ብዙ ነው ቢባልም እርስ በርሱ ይተዋወቃል። አስተርጓሚው አማርኛ የሚችል ከሆነ የኛው ሰው ነው፤ የኛው ሰው ከሆነ ደግሞ አንዱን ለቅሶ ቤት፣ አንዱን ክርስትና ላይ አግኝቼዋለሁ ማለት ነው። ጓደኛዬ ወይንሸት «የእገሊት ስኳር በሽታ የወጣው በአስተርጓሚ ነው» ብላኛለች። እውነት ይሁን ሐሰት አላውቅም። እኔ ግን አመንኩት።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ከልጄ ብዙም አይበልጥም። በእጄ ሆዴን አሳየሁት። «ስቶመክ» አልኩት፤ «ታየርድ» አልኩት። «ብሊዲንግ?» አለኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ። «ኖ» አልኩ። የጨጓራ ክኒን ሰጠኝ። ደም ወስዶ መርምሮ «ደምሽ በጣም አንሷል» አለና የብረት ክኒን ጨመረልኝ። ደሜ የት እንደሚሄድ እሱ ግራ ገብቶታል፤ እኔ አውቃለሁ። ሐኪሙ ምን ያድርግ? የነገርኩትን ነው ያከመው።

ወገቤን ሲይዘኝ ደግሞ ቻምበርስ ሮድ ላይ ሌላ ክሊኒክ ገባሁ። እዚያም አስተርጓሚ አልፈልግም አልኩ። «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ብለው መድኃኒት ሰጡኝ። በእነዚህ ክኒኖች የዚህን አገር በጋ ጨረስኩት። ማታ ማታ ፎጣ አንጥፌ ስተኛ ነገ ከሞትኩ ልጄ አንሶላውን ታየዋለች ብዬ አስባለሁ። የሚያስፈራኝ ሞቱ ነው ወይስ አንሶላው፣ አሁን ሳስበው መለየት ያቅተኛል።

ኢንሹራንስ አልነበረኝም። ለምን እንዳልነበረኝ ለመንገር ሌላውንም ነገር መናገር ግድ ነው። ከልጄ አባት ጋር ከተፋታን ቆይቷል። ማንም አያውቅም። በትራክ ጭነት እየያዘ ከስቴት ስቴት ስለሚነዳ ለመደበቅ ቀላል ነው። «ባለቤትሽስ?» ሲሉኝ «ሎድ ይዞ ቴክሳስ ነው» እላለሁ። ልጄ ሶልያናም እንደዚያው እንድትል አስለምጃታለሁ። የሌላ ሰው ትዳር ሲናጋ ለማስታረቅ የሚጠሩት እኔን ነበር። ባልና ሚስት ሳሎኔ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። እኔ ተፋታሁ ብል በምን አፌ?

ስለዚህ ለዝቅተኛ ገቢ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድን፣ ልሙላ ብዬ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ስሰለፍ፣ የምታግዘው በጎ ፈቃደኛ ልጅ ጮክ ብላ «ባለትዳር ነዎት አይደል?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። አዎ ብል የሱ ገቢ ይቆጠርና እከለከላለሁ፤ አይ ብል በማግሥቱ ወሬው ከተማውን ያዳርሳል። «ቤት ወስጄ ልሙላው የኔ ልጅ» አልኳት። ወረቀቱ መኪናዬ ወንበር ሥር ገብቶ ቀረ።

በነሐሴ ሶልያና ከሥራ ስትመለስ መታጠቢያ ቤት ወድቄ አገኘችኝ። ኢመርጀንሲ ወሰዱኝ። እዚያ «አስተርጓሚ አልፈልግም» ስል ነርሷ «ለእንዲህ ያለ ነገር ግዴታችን ነው» ብላ ስልኩን አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚዎ ነኝ። የሚነገረው ሁሉ በምስጢር ይጠበቃል» አለ አንድ ወንድ።

ደነገጥኩ። ድምፁ የአቶ ደጀኔ ነው። አቶ ደጀኔ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ የሚናገረው ነው፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳረፈ፣ የት ለቅሶ እንደሚደረስ የምንሰማው ከሱ አፍ ነው።  እኔ ዝም ብልም አንሶላው ተናገረ። ሐኪሟ ሴት ነበረች፤ አይታው ፊቷ ተለወጠ። በአልትራሳውንድ አዩኝ። የማህፀኔ ግድግዳ ወፍሯል። የማህፀን ሐኪም ቶሎ አይቶኝ ከውስጡ ቁራጭ ተወስዶ መመርመር አለበት፤ ባዮፕሲ ይሉታል። «ካንሰር ሊሆን ይችላል ትላለች» አለ ያ ድምፅ። እኔ ከቃሉ ይልቅ የሰማሁት ድምፁን ነው። እሑድ አዳራሹ ውስጥ በማይክ ሲናገረው ታየኝ።

በማግሥቱ ከሆስፒታሉ የክፍያ ክፍል አንዲት ሴት መጣች። ሶልያና ስላለች በሷ በኩል አወራን።

«ማሚ፣ በጥቅምት ሲክስቲ ፋይቭ ትሆኛለሽ አይደል? ሜዲኬር ታገኛለሽ እያለች ነው። ያው የትልልቅ ሰዎቹ ኢንሹራንስ። ልደትሽ ያለበት ወር ከመድረሱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ መመዝገብ ይቻላል። አሁን ብትመዘገቢ ልደትሽ ያለበት ወር ሲገባ ይጀምርልሻል።»

ልቤ ትንሽ ከፍ አለ። ከዚያ ሴትየዋ አሥር ዓመት ግብር እየከፈልኩ ሠርቼ እንደሆነ ጠየቀች። እኔ የሰው ሕፃን ስጠብቅ፣ ቤት ሳጸዳ፣ ሁሉንም በጥሬ ገንዘብ በእጄ ነው የተቀበልኩት። ግብር የከፈልኩበት ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም።

«እሱም ችግር የለውም ትላለች። በዳዲ ሥራ መግባት ትችያለሽ። ዲቮርስድ ብትሆኚም፣ ትዳሩ አሥር ዓመት ከቆየና ሌላ ካላገባሽ ይቆጠርልሻል። ስልሳ ሁለት ያለፈው መሆን አለበት፤ ዳዲ አልፎታል።»

«እሱ ይነገረዋል?»

ሴትየዋን ጠየቀቻት። «አይነገረውም። ፈቃዱም አያስፈልግም።»

ሶልያና ሜዲኬርን ከሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ የስልክ ቀጠሮ ያዘችልኝ። ቀኑ ሥራ ላይ የምትሆንበት ቀን ነው። «አስተርጓሚ አላቸው ማሚ፤ የሚጠይቁሽን ብቻ መልሺ» አለችኝ። የጋብቻውንና የፍቺውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ስልኩ ተደወለ። የሶሻል ሴኩሪቲዋ ሴት በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለች፤ ትንሽ ዘፈን ተሰማ፤ ከዚያ፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚዎ ነኝ።»

ያው ድምፅ። ወይ ፈጣሪዬ፣ ያው ድምፅ! ስሜን፣ የተወለድኩበትን፣ አድራሻዬን መለስኩ። ከዚያ፦

«ባለትዳር ነዎት፣ ባለቤትዎ አርፈዋል ወይስ ተፋተዋል?»

 በአንድ በኩል ሕይወቴ ነው ያለው። በሌላ በኩል ደግሞ አቶ ደጀኔ። ስልኩን ዘጋሁት። መልሶ ጮኸ። እየጮኸ አየሁት። ዝም እስኪል ቁጭ ብዬ አየሁት።

ማታ ሶልያና «እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «ጨረስን፣ ካርዱን በፖስታ እንልካለን ብለዋል» አልኳት። የማህፀን ሐኪሙ ቢሮ ደግሞ ኢንሹራንሴን ሲጠይቀኝ «እየመጣ ነው» አልኩ። ቀጠሮው አለፈ። ሌላ ያዙልኝ፤ እሱም አለፈ። ሥራ ማቆም ስላልቻልኩ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ቆሜ እሄዳለሁ፤ መኪና ስነዳ ያዞረኝ ጀምሮ ነበር። ከኋላዬ ደም እንዳያዩብኝ ጥቁር ቀሚስ ብቻ ነበር የምለብሰው። ወይንሸት አንድ ቀን አግኝታኝ «ማን ሞቶብሽ ነው ጥቁር በጥቁር የሆንሽው?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ።

በልደቴ ቀን ሶልያና ኬክ ይዛ መጣች። አንዴ ከቆረሰች በኋላ እጇን ዘረጋች።

«እስቲ ካርዱን አሳዪኝ። ኦልድ ሌዲ ሆነሻል አይደል አሁን!»

«አልመጣም።»

«ሁዋት ዱ ዩ ሚን አልመጣም? መምጣት ነበረበት። ነገ እደውላለሁ።»

«አትደውዪ።»

«ማሚ። ምን ሆነሻል?»

ነገርኳት። ደሙን ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንዳየሁት፣ ካንሰር ሊሆን ይችላል መባሌን፣ ያለፉትን ቀጠሮዎች፣ ስልኩን እንደዘጋሁት፣ አቶ ደጀኔን። ቆማ ሰማችኝና ሹካውን ወረወረችው።

«አር ዩ ሲሪየስ? ካንሰር ሊሆን ይችላል እያሉሽ አንቺ የምትጨነቂው ስለ ሰው ነው? ሁ ኬርስ? እኔ እኮ ነኝ የምቀረው! ዳዲ ሎድ ላይ ነው፣ ዳዲ ሎድ ላይ ነው እያልኩ ሃይስኩል ጨረስኩ። አንቺ ስትሞችስ ምን ልበል? አንቺም ሎድ ላይ ነሽ ልበል?»

 ልጄ እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። ከዚያ ስልኳን አነሳች።

«ማን ጋር ነው?»

«ጋሼ ደጀኔ ጋር።»

ልነጥቃት ተነሳሁ፤ አዞረኝና መልሼ ተቀመጥኩ። ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ሶሊ ነኝ። አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ለሆስፒታል በስልክ ያስተረጉማሉ እንዴ?»

«እኔ?» ሳቁ ቤቱን ሞላው። «አንቺ ልጅ ታሾፊያለሽ? የእኔን እንግሊዝኛ የሚያውቀው ፓሰንጀሬ ብቻ ነው፤ እሱም ኤርፖርት እስኪደርስ ነው የሚታገሠኝ! አሁንም እየነዳሁ ነው። ምነው፣ እናትሽ ደህና ናቸው? እሑድ ጠፉብን እኮ።»

«ደህና ናት» አለችና ዘጋችው።

ሌላ ሰው ነበር። ምናልባት ሌላ ስቴት፣ እኔን አይቶኝ የማያውቅ፣ ስልኩን ዘግቶ ወደሚቀጥለው በሽተኛ የሚሄድ ሰው። ድምፁ ስለመሰለኝ ብቻ ከእሱ ስሸሽ ከረምኩ። ሶልያና ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ማልቀስ ያቃተኝ ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው የሶሻል ሴኩሪቲ የስልክ ቀጠሮ የተገኘው በኅዳር ነው። ሶልያና ከሥራ ቀርታ አጠገቤ ተቀመጠች። አስተርጓሚዋ ሴት ነበረች፤ እኛ ጠይቀን ነው። ሴት ይሁንልኝ ማለት እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ያው ጥያቄ መጣ።

«ተፋተናል» አልኩ። ለሰው አፍ አውጥቼ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። አንገቴን ደፍቼ የሚሆነውን ጠበቅሁ። አስተርጓሚዋ አንድ ቃል አለች። የቢሮዋ ሴት ኪቦርዷን ስትነካካ ሰማሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄደች። ያን ሁሉ ጊዜ ደሜን ያፈሰስኩለት ነገር አንድ ቃል ሆኖ አለፈ። ሜዲኬር ሁለት ክፍል እንዳለው፣ ለሆስፒታል የሚከፍለው ወርኃዊ ክፍያ እንደሌለው፣ ለሐኪም የሚከፍለው ግን በየወሩ እንደሚከፈልበት አስረዳችኝ፤ ሁለቱንም እፈልጋለሁ አልኩ። ሲያልቅ አስተርጓሚዋ በራሷ አማርኛ «እግዚአብሔር ይማርዎት፣ እናቴ» ብላኝ ጠፋች። እስካሁን ለእሷ እጸልያለሁ፤ ስሟን ግን አላውቅም።

የሐኪሙ ክፍል በታኅሣሥ ጀመረልኝ። መጀመሪያ ቀን ስልኩን ባልዘጋው በጥቅምት ይጀምር ነበር። ባዮፕሲው ካንሰር ነው አለ። ማህፀኔን አወጡት። የዴንቨር በረዶ በመስኮት እየታየኝ ነቃሁ፤ ሆዴ ላይ ያለው ስፌት እሳት ነው። ሐኪሟ መጥታ ንፍፊቶቹ ውስጥም እንደተገኘ፣ ስለዚህ ጨረር እንደሚያስፈልገኝ ነገረችኝ። በአስተርጓሚ ጠየቅኋት፤ አሁን አስተርጓሚ እፈልጋለሁ እላለሁ።

«መጀመሪያ እንዳየሁት መጥቼ ቢሆንስ?»

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከመናገሯ በፊት መቀመጧ መልሱን ነገረኝ።

«ያኔ ማህፀኑ ውስጥ ብቻ ሳለ ልናገኘው እንችል ነበር» አለች። «እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም።»

የመጨረሻዋን ቃል ለምሕረት ነው የጨመረችልኝ። ተቀበልኳት።

እህቶቼ፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ አንዲት ጠብታ ደም ብታዩ በዚያው ቀን ተናገሩ። «ሆዴን» አትበሉ፣ «ደም» በሉ። ስልሳ አምስት ሊሞላችሁ ሦስት ወር ሲቀራችሁ ደውሉ፤ ካርዱ ለሁሉም ሰው በራሱ አይመጣም። «አልሠራሁም» ብላችሁ አትቅሩ፤ የባላችሁ ሥራ ይቆጠርላችኋል፤ የፈታችሁትም፣ የሞተውም ቢሆን እንደ ሁኔታው ይታያል፤ ጠይቁ። አስተርጓሚ መብታችሁ ነው፤ ሴት ብትፈልጉ ሴት በሉ። ያወቀ ይወቅ። አሁን የእኔን ያወቁ አሉ። አንዳንዶቹ ሾርባ ይዘው መጡ፤ አንዳንዶቹ ቀሩ። ከመጡት መካከል ሁለቱ ራሳቸው የተፋቱ ሆነው ተገኙ። ወይንሸት ደግሞ «እኔ እኮ ዱሮም አውቅ ነበር፤ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት» አለችኝ። ደስ ልበል ወይስ ልዘንባት፣ ሳልወስን ቀረሁ።

ጨረሩ በየቀኑ ነው፣ ከቅዳሜና እሑድ በቀር። ያደክማል፣ ሆድ ያላላል፣ ምግብ ያስጠላል። እድናለሁ ወይ ብዬ መጠየቅ አቁሜያለሁ፤ የሚመልስልኝ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ማየት ሰልችቶኛል።

ባለፈው ሳምንት የጨረር ክፍሉ መቆያ ስገባ አንዲት ሀበሻ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ከእኔ ትንሽ ያንሳል። ሳታየኝ ጎኗ ደረስኩ።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኳት።

ክው አለች። ጋቢዋን ወደ እጇ ጎተተችና የሆስፒታሉን አምባር ሸፈነችው።

«ጤና ይስጥልኝ። ልጄን ነው የምጠብቀው፤ እዚህ ነው የምትሠራው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

«እኔ የማህፀን ካንሰር ነው። ዘግይቼ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ይማርዎት» አለች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቀረች።  እኔም ከዚህ በላይ ምን ልበላት? መናገሩን እንጂ ማናገሩን አልችልበትም።

ነርሷ በሩን ከፍታ የሀበሻ ስም እያጣመመች ጠራች። የእኔ ስም አይደለም። ሴትየዋ አልተንቀሳቀሰችም። ነርሷ ወረቀቷን አይታ ደግማ ጠራች። ሴትየዋ አምባሯን ከጋቢው ሥር ጨበጠችው። አሁንም አልተነሳችም። ነርሷ ወደ ቀጣዩ ስም ልትሄድ ነው።

ተነሳሁ። «መታጠቢያ ቤት ደርሼ ልምጣ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ። ኮሪደሩ ውስጥ ገብቼ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ፤ ወደ ኋላዬ አልዞርኩም። የወንበሩ እግር ሲንቀሳቀስ፣ ከዚያ በሩ ሲዘጋ እስክሰማ ድረስ እዚያው ቆየሁ።